ዝይ ቅርብ ይመስላል፦ የሾትጋን ርቀት አገማመትና የጠመንጃ ምርጫ

መጀመሪያ የተኮስኩበት ዝይ 68 ያርድ ላይ ነበር። እኔ 35 መስሎኝ ነው።

ቦታው ሜሪላንድ ነው፤ ከቼሳፒክ ቤይ ማዶ ያለው ኢስተርን ሾር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተን፣ ቤይ ብሪጅን ተሻግረን፣ በቆሎው ተሰብስቦ ጉቶው ብቻ የቀረበት እርሻ ዳር አድፍጠን ተቀመጥን። ይዘውኝ የሄዱት ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ሰው ናቸው። እዚያ አካባቢ ሃያ ዓመት አድነዋል። ሲነጋጋ ዝዮቹ መጡ። ግዙፍ ናቸው፤ ጩኸታቸው ጆሮ ይሞላል። ብድግ አልኩና ሦስቴ ለቀቅኩባቸው። አንዱ ክንፉ ላይ ተመታ፣ ግን አልወደቀም፤ እየተንሸራተተ የሌላ ሰው እርሻ አልፎ ጫካ ገባ። ፈልገን አጣነው። ጋሼ ምንም ሳይሉ የሌዘር መለኪያቸውን ከኪሳቸው አወጡና ዝዮቹ ያለፉበትን የዛፍ ጫፍ ለኩት። 68 ይላል። "የኔ ልጅ፣ አንተ የተኮስከው ደመና ነው" አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ወዲህ "የትኛውን ጠመንጃ ልግዛ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው። ጥያቄው ወደ ኋላ ነው የተጠየቀው። መጀመሪያ ርቀታችሁን እወቁ፣ ከዚያ ለዚያ ርቀት የሚሆን ጥይትና ጠመንጃ ፈልጉ። በ70 ያርድ ዝይ የሚያወርድላችሁ ጠመንጃ ፍለጋ ከገባችሁ ሻጩ ደስ ይለዋል፣ እናንተ ግን ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ።

በያርድ ነው የማወራው፣ ምክንያቱም አሜሪካ የጥይት ሳጥኑም የተኩስ ሜዳውም በያርድ ነው። አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ነው። 40 ያርድ ማለት 36 ሜትር ተኩል ገደማ።

ዓይናችን ለምን ይሸወዳል

ካናዳ ዝይ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ ጫፍ ከ1.3 እስከ 1.8 ሜትር ይደርሳል። ከምንቃሩ እስከ ጭራው አንድ ሜትር ሊጠጋ ይችላል። የተለመደው ዳክዬ ደግሞ ክንፉ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዓይናችን ግን ወፍ ሲያይ "ወፍ ይህን ያህላል" ብሎ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ትልቁ ወፍ ትልቅ ሆኖ ሲታየው "ቅርብ ነው" ይላል።

ፍጥነቱም እንደዚያው ያታልላል። ዝይ ክንፉን ረጋ አድርጎ ስለሚመታ የሚንቀራፈፍ ይመስላል፤ ግን ተራ በረራው እንኳ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ላይ ሜዳ እርሻ ነው፣ ንጋት ነው፣ ከጀርባው ሰማይ ብቻ ነው። ከምን ጋር ታነፃፅሩታላችሁ?

ሾትጋን በአንድ ተኩስ ብዙ ትናንሽ ፍሬ የሚረጭ ጠመንጃ ነው። ከ40 ያርድ በላይ ደግሞ ፍሬው ተበታትኖም ተዳክሞም ነው የሚደርሰው። ዝይ ላባውም ጡንቻውም ወፍራም ነው። አቁስሎ መልቀቅ እንጂ መግደል አይሆንም።

ቁጥራችሁን ወስኑ

የኔ ቁጥር 35 ያርድ ነው። ለጀማሪ 30 እላለሁ። ተለማምዶ፣ ጠመንጃውን ወረቀት ላይ ፈትኖ፣ አየር ላይ የሚወረወር የሸክላ ኢላማ በደንብ ለሚመታ 40። ከዚያ በላይ የሚተኩሱ ጎበዞች አሉ፣ አልክድም። ግን እነሱ ይህን መመሪያ አያነቡም።

አገራችን ያለውን የድሮ አዳኝ ፉከራ አስቡት። የሚፎክረው አውሬውን ፊት ለፊት ስለገጠመው ነው። "በሩቁ ተኩሼ" ብሎ የፎከረ ሰምቼ አላውቅም።

በዚያ ላይ ኢስተርን ሾር በቅርብ ዓመታት የክረምቱ ወቅት ለአንድ ሰው በቀን የተፈቀደው 1 ካናዳ ዝይ ብቻ ነበር። ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚለወጥ የዘንድሮውን ከስቴቱ ድረ ገጽ እዩ። ቀኑን ሙሉ አንድ ዝይ ብቻ ከተፈቀደላችሁ የምን መቸኮል ነው? ጥሩው እስኪመጣ ጠብቁ።

ዓይንን ማሰልጠን፣ ያለ ጠመንጃ

ይህ ክፍል ነፃ ነው። አንድ ሳምንት ቢበዛ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሰው ሁሉ ግን ይዘለዋል።

መጀመሪያ የአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ያለው ትምህርት ቤት ፈልጉ። መስመሩና ቁጥሩ መሬቱ ላይ ተፅፏል። የጎሉ መስመር ላይ ቁሙና 20፣ 30፣ 40 የሚለውን እዩ። እዚያው ቆማችሁ ጓደኛችሁን 40 ላይ አቁሙት። ፊቱን እዩ፣ የጫማውን ማሰሪያ እዩ። 40 ያርድ ከምታስቡት በላይ ሩቅ ነው። እኔ ስሞክረው መስመሩ የተሳሳተ መስሎኝ በእርምጃ ቆጥሬዋለሁ።

ቀጥሎ አውራ ጣት። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፣ አውራ ጣታችሁን አቁሙ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ። የአብዛኛው ሰው አውራ ጣት ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከዓይኑ የሚርቀውም ወደ 70 ሴንቲ ሜትር። ይህ ሲሰላ፣ በጎኑ የሚበር ትልቅ ካናዳ ዝይ ከምንቃር እስከ ጭራ በአውራ ጣታችሁ ስፋት ልክ የሚሸፈነው 35 ያርድ አካባቢ ሲሆን ነው። ከጣታችሁ ግራና ቀኝ አንገትና ጭራ ከወጣ ቅርብ ነው። ጣታችሁ ውጦት ዙሪያው ሰማይ ከታየ ሩቅ ነው። የእናንተ ጣትና ክንድ ከኔ ስለሚለይ 95 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ካርቶን ቆርጣችሁ 35 ያርድ ላይ አቁሙና የራሳችሁን ልክ ያዙ።

መለማመጃ ዝይ ደግሞ ሞልቷል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ የገበያ ማዕከሉ መኪና ማቆሚያ፣ የፓርኩ ኩሬ፣ የቢሮው ሣር ሁሉ በእነሱ የተያዘ ነው። አላፊ አግዳሚውን እያባረሩ ሲያስቸግሩ ይውላሉ። እኔ ልጄን እግር ኳስ ልምምድ አድርሼ ስጠብቅ ኩሬው ዳር እቀመጥና፣ ሲነሱና ሲያርፉ ገምቼ በሌዘር መለኪያው አረጋግጣለሁ። "28" እላለሁ፣ 41 ይሆናል። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ነበርኩ። ከወር በኋላ ስህተቴ ከ5 ያርድ በታች ወረደ። መለኪያው ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ይገኛል፤ ከጠመንጃው በፊት ብትገዙት አልቃወምም። ሰው ሲያያችሁ "ምን እየሰራ ነው?" ማለቱ አይቀርም፣ ቻሉት።

ከአናታችሁ በላይ የሚያልፈው ነው ከሁሉ የሚከብደው። እዚህ ላይ ህንፃ ይረዳል። አንድ ፎቅ 3 ሜትር ከሆነ፣ 10 ፎቅ ህንፃ 33 ያርድ ገደማ ነው። ከህንፃው ስር ቆማችሁ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ። ከዚያ በላይ ያለ ዝይ ለእናንተ የለም፣ በቃ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ዝዩ መሬት ለመሬት 30 ያርድ ቢርቅ፣ ከፍታውም 30 ያርድ ቢሆን፣ ጥይቱ የሚሄደው 30 ሳይሆን 42 ያርድ ነው። "ያ ዛፍ 30 ላይ ነው፣ ዝዩም ዛፉ ላይ ነው፣ ስለዚህ 30 ነው" የሚለው ስሌት ብዙ ዝይ አቁስሏል።

በአፈሙዙ መለካት

ሜዳ ላይ ጣት የሚያነሳበት ጊዜ የለም። ስለዚህ ጠመንጃው ራሱ መለኪያ ይሁን። የ12 ጌጅ (ጌጅ የበርሜል ቀዳዳ ልክ ነው) አፈሙዝ ውጫዊ ስፋቱ 2.2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ 28 ኢንች በርሜል ያለው ጠመንጃ ትከሻ ላይ ሲቀመጥ ከዓይን እስከ አፈሙዝ አንድ ሜትር ከአስር ገደማ ይሆናል። በዚህ ልክ፣ በጎኑ የሚበር ትልቅ ዝይ ግማሹ ብቻ ከተሸፈነ 25 ያርድ አካባቢ ነው። ከአራት እጁ ሦስቱ ከተሸፈነ 40 ደርሷል። ሙሉ በሙሉ አፈሙዙ ጀርባ ከጠፋ 50 ነው፤ ጠመንጃችሁን አውርዱ።

ይህን ከቤት ውጭ ባዶ ጠመንጃ ይዞ መለማመድ ያስፈልጋል፣ ግን የተኩስ ሜዳ ላይ ወይም የምታድኑበት እርሻ ላይ። የከተማ ቤት ጓሮ ውስጥ ካርቶን አቁሞ ሾትጋን የሚያነጣጥር ሐበሻ ጎረቤት ሲያይ ምን እንደሚያደርግ መናገር የለብኝም።

ጥንቃቄ፦ ልኩ የሚሰራው ለትልቁ ካናዳ ዝይ ነው። ኢስተርን ሾር በሺህ የሚመጣው ነጩ የበረዶ ዝይ አጭር ነው፣ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። እሱ ሙሉ በሙሉ የሚሸፈነው 40 ያርድ ላይ ነው። ወፉን ሳትለዩ ርቀት አትገምቱ።

ሌላው የድሮ ዘዴ ዓይኑን ማየት ነው። የካናዳ ዝይ ጉንጭ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ከሩቅ ስለሚታይ እሱ አይጠቅምም። ጥቁሩ ዓይኑ ከጥቁሩ ራሱ ተለይቶ ከታያችሁ፣ እግሩ ሲዘረጋ ጣቶቹ ከታዩ፣ ዝዩ ቅርብ ነው። ጭጋግ ባለበት ጠዋት ግን አትመኑት፤ መነፅር የምታደርጉም እንደዚያው።

እርሻው ላይ ምልክት ማድረግ

ዝይ ለመሳብ እርሻው ላይ የምንደረድራቸው የፕላስቲክ ዝዮች ማታለያ ብቻ አይደሉም፣ ሜትር ናቸው። ጋሼ ሲያስቀምጧቸው ዝም ብለው አይበትኑም። ከመደበቂያው እየቆጠሩ ይራመዱና የመጨረሻዋን 35 ላይ ያስቀምጧታል። ጭንቅላቷ ላይ ትንሽ ቡናማ ጨርቅ አስረውባታል፤ ከእሷ ወዲያ ያለ ዝይ አይተኮስም። መሃል ላይ፣ ከ20 እስከ 25 ያርድ ባለው ቦታ፣ ባዶ ክፍተት ይተዋሉ። ዝዮቹ ማረፍ የሚፈልጉት እዚያ ባዶው ቦታ ላይ ነው።

ዝይ የሚያርፈው ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው። ስለዚህ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ ደረታቸውን ሰጥተው እግራቸውን ዘርግተው ወደ እናንተ ይመጣሉ። ነፋሱ ከዞረ ሰነፍ አትሁኑ፣ ተነስታችሁ ፕላስቲኮቹን አዛውሩ።

ሳይነጋ በፊት የአጥሩን ምሰሶ፣ ብቸኛዋን ዛፍ፣ የቦዩን ጠርዝ በሌዘር ለክታችሁ ያዙ። ዝዮቹ ላይ መለኪያ ለመደገን ጊዜ አይኖርም፤ ስትንቀሳቀሱ ያዩአችኋል። ለመተኮስ ውሳኔውን አንድ ሰው ብቻ ይስጥ። ሁሉም በየራሱ ግምት ከተነሳ ሁልጊዜ የሚቸኩለው ሰው ነው የሚወስነው።

አሁን ጠመንጃው

12 ጌጅ ግዙ። እዚህ ላይ ብዙ መፈላሰፍ የለም። ጥይቱ በየሱቁ ይገኛል፣ ለዳክዬም ለቱርክ ዶሮም ለሸክላ ኢላማም ይሆናል። 20 ጌጅ ቀላል ነው፣ ትከሻ አይደበድብም፤ 30 ያርድ ውስጥ ለሚታገስ ሰው ይበቃል። 10 ጌጅ ከባድ ነው፣ ጥይቱም እንደ ልብ አይገኝም። ለዝይ በህግ የተፈቀደው ትልቁ ግን እሱ ነው። በነገራችን ላይ ጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ 12 ማለት ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ካነሰ እርሳስ እያንዳንዳቸው የበርሜሉን ቀዳዳ ልክ የሚሞሉ 12 ኳሶች ይወጣሉ ማለት ነው።

ቤት ውስጥ 12ም 20ም ካለ ጥይታቸውን አንድ ኪስ ውስጥ እንዳትቀላቅሉ። የ20 ጌጅ ቀለህ 12 ጌጅ በርሜል ውስጥ ሾልኮ ይገባና መሃል ላይ ይቀረቀራል። ከኋላው 12 ካጎረሳችሁ ጠመንጃው እጃችሁ ላይ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ቀለህ ቢጫ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ጥይቱ የሚገባበት ክፍል ርዝመት። በርሜሉ ላይ ተቀርጿል፦ 2¾፣ 3 ወይም 3½ ኢንች። ከተጻፈው የረዘመ ጥይት አታጉርሱ፤ ገጥሞ ቢገባ እንኳ መተኮሱ አደገኛ ነው። ለዝይ 3 ኢንች ይበቃል። 3½ የሚባለው በ1988 ነው የመጣው፣ ብዙ ፍሬ ይይዛል፣ ትከሻንም እንደ በቅሎ ይረግጣል። እኔ የመጀመሪያ ጠመንጃዬን ስገዛ አንድ ሻጭ "ለዝይ 3½ ካልሆነ አይሆንም" ብሎ ሸጠልኝ። ሦስት ሳጥን ተኮስኩበት። ከዚያ ወዲህ ምላጩን ከመሳቤ በፊት ዓይኔን የምጨፍን ሰው ሆንኩ። ይህን ልማድ ለማጥፋት አንድ በጋ ፈጀብኝ።

ፓምፕ ወይስ ሰሚ-አውቶማቲክ? ገንዘብ ካጠረ ፓምፕ፣ እጀታውን በእጅ እየጎተታችሁ የምታጎርሱት። ሬሚንግተን 870 ከ1950 ጀምሮ እየተሰራ ነው፣ ሞስበርግ 500 ከ1961 ጀምሮ፤ ያገለገለ በየቦታው ይገኛል፣ ጭቃም ብርድም አይበግረውም። ችግሩ ስትደናገጡ እጀታውን ግማሽ መንገድ ጎትታችሁ ትመልሱታላችሁ፣ ሁለተኛው ጥይት አይጎርስም። ሰሚ-አውቶማቲክ ራሱ ያጎርሳል። በጋዝ የሚሰራው ምቱ ለስለስ ይላል፣ ግን ማፅዳት ይፈልጋል። እንደ ቤኔሊ በምቱ ኃይል የሚሰራው ንፁህ ሆኖ ይቆያል፣ ትከሻ ላይ ግን ጠንከር ይላል። የድርብ አፈሙዝ ጠመንጃ ያምራል፤ የቼሳፒክ ጨው ውሃ ሲያገኘው ግን ልብ ይሰብራል።

ከብራንዱ በላይ ልኩ ይበልጣል። ሱቅ ስትሄዱ የምታድኑበትን ወፍራም ጃኬት ለብሳችሁ ሂዱ። በሐምሌ በቲሸርት የለካችሁት ሰደፍ በጥር ጃኬቱ ላይ ይጠመዳል። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ጠመንጃውን ትከሻችሁ ላይ አድርጉ፣ ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ አስደግፉ፣ ከዚያ ዓይናችሁን ግለጡ። በርሜሉን ቀጥ ብላችሁ የምታዩ ከሆነ ልካችሁ ነው። የጠመንጃው ጀርባ ብቻ ከታያችሁ ሰደፉ ዝቅ ይላል፤ ጎኑን ካያችሁ ደግሞ አይሆናችሁም። የሚመራው ዓይናችሁ የቱ እንደሆነም እወቁ፦ ሁለት እጃችሁን አጋጥማችሁ በመሃላቸው ትንሽ ቀዳዳ አበጁ፣ ሩቅ ያለ ነገር እዩበት፣ ከዚያ ወደ ፊታችሁ ሳቡት። የሚመጣው ወደሚመራው ዓይን ነው።

ስለ ወረቀት ሁለት ቃል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ በመሠረቱ አይችልም፤ የአደን ፈቃድ ላለው የተለየ ቀዳዳ አለ፣ ግን ጉዳያችሁ ያላለቀ ከሆነ ጠመንጃ ከመንካታችሁ በፊት ጠበቃ አናግሩ። ስትገዙ የምትሞሉት የፌደራል ቅጽ ስለ አደንዛዥና አነቃቂ ዕፅ ይጠይቃል። ማሪዋና ሜሪላንድ ውስጥ ተፈቀደ ማለት ለዚያ ቅጽ ተፈቀደ ማለት አይደለም። ጫትም ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌደራል ህግ የተከለከለ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ለአደኑ ደግሞ የአዳኝ ትምህርት፣ የስቴቱ ፈቃድና የወፍ ማህተም፣ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ የ25 ዶላሩ የፌደራል ዳክ ስታምፕ (የውሃ ወፍ አደን ቴምብር) ያስፈልጋል። ጠመንጃው በጠቅላላው ከ3 ጥይት በላይ መያዝ የለበትም፤ ማጋዘኑ ውስጥ ሳይፈታ የማይወጣ መሰኪያ ይደረግበታል። አዲስ ስትገዙ መሰኪያው ውስጡ ይሁን ሳጥኑ ውስጥ ተረስቶ ይቅር እዩ። የአደን ዘብ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ጥይቱና ቾኩ

እርሳስ የለም። ከ1991 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ለውሃ ወፍ በእርሳስ ማደን ክልክል ነው፤ ወፎቹ መሬት ላይ የወደቀውን ፍሬ እየለቀሙ ይመረዙ ስለነበር። ኪሳችሁ ውስጥ አንድ የሸክላ ኢላማ የእርሳስ ጥይት ተረስቶ ቢገኝ እንኳ ቅጣት አለው። ሌሊቱን ከመውጣታችሁ በፊት ኪሳችሁን ፈትሹ።

ዛሬ የተለመደው ስቲል ነው። ከእርሳስ ቀላል ነው፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እርሳስ 11.3 ግራም ሲመዝን ስቲል 7.8 ነው። ቀላል ነገር ቶሎ ፍጥነቱን ያጣል። በወረቀት ኳስና በድንጋይ መወርወር ያለውን ልዩነት አስቡት። ስለዚህ በትልቅ ፍሬ ይካካሳል። ለካናዳ ዝይ የኔ ምርጫ ቢቢ የሚባለው የፍሬ መጠን ነው፤ 4.6 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። 25 ያርድ ውስጥ ለሚያርፍ ዝይ ከእሱ የሚያንሰው ቁጥር 2 ይበቃል፣ ፍሬውም ይበዛል። ከቢቢ የሚተልቀው ትሪፕል ቢ ለነፋሻ ቀን ይሆናል።

ቢስሙዝ ከስቲል ይከብዳል፣ ለስላሳ ስለሆነም ለአሮጌ ጠመንጃ ተስማሚ ነው። ዋጋው ግን እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ተንግስተን ከሁሉም ይከብዳል፤ አንዷ ቀለህ የአንድ ማኪያቶ ገንዘብ ትወስዳለች። የአያት ጠመንጃ ያላችሁ፣ ስቲል አታጉርሱበት። ስቲል ጠንካራ ስለሆነ የጠበበ አሮጌ በርሜል ሊያብጥ ይችላል።

ቾክ የሚባለው አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚጠለቅ ማጥበቢያ ነው። ስቲል ስለማይጨፈለቅ ራሱ ተሰብስቦ ይሄዳል። ሞዲፋይድ በሚባለው መካከለኛ ማጥበቢያ ጀምሩ። ፉል የሚለውን፣ ከእሱ የሚጠበውን፣ አትቸኩሉበት።

ወረቀቱ ይፍረድ

ከዚህ በፊት ያልኩት ሁሉ ግምት ነው፤ ይኸኛው ግን ፈተና ነው። ከህንፃ መሳሪያ ሱቅ ጥቅል ቡናማ ወረቀት ግዙ። አንድ ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከሃያ ቁረጡና መሃሉ ላይ ነጥብ አድርጉ። 40 ያርድ ላይ አቁሙት። ነጥቡ ላይ አንዴ ተኩሱ። አዲስ ወረቀት፣ እንደገና። ለእያንዳንዱ ጥይትና ቾክ ቢያንስ ሦስት ወረቀት።

ከዚያ ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው። 38 ሴንቲ ሜትር ክር እስክሪብቶ ላይ እሰሩ፣ ቀዳዳው በበዛበት ቦታ መሃል ይዛችሁ ክብ አዙሩ፤ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይወጣል። በውስጡ ያለውን ቀዳዳ ቁጠሩ፣ የተቆጠረውን በማርከር አጥቁሩ፣ አለበለዚያ ትምታታላችሁ። አንድ የ1¼ አውንስ ቢቢ ጥይት 90 ገደማ ፍሬ አለው። እኔ የምፈልገው ክቡ ውስጥ ከ50 በላይ ነው።

እኔ በ80 ዶላር የገዛሁት "የረጅም ርቀት" ቾክ 41 ሰጠኝ። መሃሉ ላይ ወንፊት ሠርቷል፣ ዳሩ ላይ ደግሞ ዝይ በሰላም የሚያልፍበት ባዶ ቦታ አለ። ከጠመንጃው ጋር በነፃ የመጣው ሞዲፋይድ 58 ሰጠኝ። ያንኑ ይዤ 50 ያርድ ላይ ስሞክረው 33 ሆነ። 35 ያርድ ያልኩት ቁጥር እንግዲህ ከየት እንደመጣ አያችሁ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ የፍሬው መሃል ነጥቡ ላይ ነው ወይስ ወደ አንድ ጎን ሄዷል? ሁለት ሦስት ወረቀት ላይ ሁሌ ወደ ግራ ከሄደ፣ ወይ ሰደፉ ልካችሁ አይደለም ወይ ምላጩን እየጎተታችሁት ነው። ጥይት ስትቀይሩ ፈተናውን ድገሙት። አንድ ጠመንጃ የወደደውን ጥይት ሌላው አይወደውም፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ሲመጡ

መተኮስ የሚቻለው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስክትጠልቅ ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ድንግዝግዝ ስለሆነ ከቁጥራችሁ ላይ 5 ያርድ ቀንሱ።

ዝዮቹ አንዴ ዞረው ያዩአችኋል፣ ሁለቴም ይዞራሉ። ዞሩ ማለት አልሄዱም ማለት ነው፤ ፊታችሁን ዝቅ አድርጉ። እግራቸው ሲዘረጋ፣ ክንፋቸው ፍሬን ሲይዝ፣ ጨርቋ የታሰረችባትን ፕላስቲክ አልፈው ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ ተነሱ። አንድ ዝይ ምረጡ። መንጋው ላይ የሚተኩስ ሰው መሃላቸው ያለውን አየር ነው የሚመታው።

ገላውን አትዩ፣ ጭንቅላቱን እዩ። ገላው ትልቅ ስለሆነ ዓይን ይስባል፣ ፍሬው ሁሉ ጭራው ላይ ያልፋል። በጎን በሙሉ ፍጥነት የሚያልፍ ከሆነ፣ ፍሬው 40 ያርድ እስኪደርስ ዝዩ ከ2 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ከምንቃሩ ፊት ሁለት ዝይ የሚያህል ቦታ ቀድማችሁ፣ ጠመንጃውን ሳታቆሙ እየተከተላችሁ ሳቡት። ለማረፍ የቀዘቀዘው ይህን ያህል አይፈልግም።

በቀጥታ ከአናታችሁ በላይ የሚያልፈውን ስትተኩሱ የት እንደሚወድቅ አስቡ። በ2018 እዚያው ኢስተርን ሾር፣ ኢስተን የምትባል ከተማ አካባቢ፣ አንድ አዳኝ ከላይ የወደቀ ዝይ ጭንቅላቱን መትቶት ራሱን ስቶ በሄሊኮፕተር ነበር የተወሰደው።

የወደቀው ራሱን ቀና ካደረገ ወዲያው ድገሙት፣ ጭንቅላቱ ላይ። ሌላ ዝይ አታሳዱ። የወደቀበትን ቦታ ከአንድ ምሰሶ ወይም ዛፍ ጋር አያይዛችሁ ያዙና ጠመንጃው ላይ ሴፍቲ አድርጋችሁ ሂዱ። ወደ ቤት ስትጭኑት ጭንቅላቱ ወይም ላባ ያለው አንድ ክንፉ እላዩ ላይ መቅረት አለበት፤ ዘቡ የወፉን ዓይነት የሚለየው በእሱ ነው። ጠመንጃውን ማታውኑ በንፁህ ጨርቅ አድርቁና ዘይት ቀቡት፤ የቤዩ አየር ጨው አለው፣ ለነገ ከተባለ ዝገቱ ይቀድማል።

እናቴ በስልክ "ዝይ ይበላል እንዴ?" ብላኛለች። መልሱን ለየቤታችሁ ትቼዋለሁ። የሚበላ ግን ይህን ይወቅ፦ የክረምቱ አደን ከገና ጾም ጋር ስለሚጋጭ ፍሪዘር ያስፈልጋል። ጡቱን ቀጭን አድርጋችሁ ለጥብስ፣ እግሩን ለወጥ፤ ወጡ ከዶሮ በእጥፍ ጊዜ እሳት ይፈልጋል። ከመክተፋችሁ በፊት ስጋው ላይ ትንሽ ቀዳዳና ወደ ውስጥ የገባ ላባ ፈልጉ። ፍሬው እዚያው ጥግ ላይ ነው ያለው፤ ስቲል ደግሞ ጥርስ ይሰብራል።